ፍሬን ሲረገጥ ዳሽቦርዷ የሚበራው ፒካፕ

ሰውዬው ከመኪናቸው የወረዱት ፌስታል ይዘው ነው። ውስጡ አምፖሎች፣ የፍሬቻ ፍላሸርና የፍሬን መብራት ስዊች አለ። ሁሉም ከመኪናዋ ላይ የተፈቱ ናቸው። "ይኼ ሁሉ በአዲስ ተቀየረ ልጄ። በሽታው ግን አልለቀቃትም" አሉኝ።

መኪናዋ የ1990ዎቹ ሃይሉክስ ናት። ነጠላ ጋቢና፣ ናፍጣ። ከመቂ ቲማቲምና ሽንኩርት ጭና ሌሊቱን አዲስ አበባ የምትገባ፣ ዕድሜዋን ሙሉ የሠራች መኪና። በቅርቡ ካሶኒዋ ላሜራ ተሠርቶ ቀለም ተቀብቷል። ይህቺን ቀለም ያዙልኝ።

ምልክቱ ግራ ያጋባል። መብራት ሳይበራ ፍሬን ሲረገጥ የዳሽቦርዱ መብራት ደብዘዝ ብሎ ይበራል። የፍሬቻው ቀስትም አብሮ ይግማል። ማታ መብራት በርቶ ፍሬን ሲረገጥ ደግሞ የኋላው መብራት መድመቅ ሲገባው ጭራሽ ይጠፋል። ከኋላ ለሚመጣ ሲኖ ትራክ ይህ ቀልድ አይደለም። ትራፊክም አስቁሟቸው ቀጥቷቸዋል።

እንዲህ ዓይነት ነገር ሲመጣ መጀመሪያ አምፖሉን አወጣና አየዋለሁ። የኋላ መብራት አምፖል ሁለት ክር አለው፤ 5 ዋት ለማታው፣ 21 ዋት ለፍሬኑ። ጎኑ ላይ ያሉት ሁለት ጥርሶች እኩል ከፍታ ላይ የማይሆኑት ተገልብጦ እንዳይገባ ነው። አንዳንዱ ባለ አንድ ክሩን በግድ ጠምዝዞ ያስገባዋል። ያን ጊዜ ከሥር ያለችው አንዷ የእርሳስ ነጥብ ሁለቱን መገናኛ ታያይዛቸውና ፍሬኑና የማታው መብራት አንድ ይሆናሉ። የሳቸው አምፖሎች ግን ትክክለኛ ነበሩ። ሶኬቱም ንጹሕ ነው።

ቀጥሎ የሚጠረጠረው ኔጌቲቩ ነው። የኋላው መብራት ኔጌቲቭ ሲያጣ፣ ፍሬን ሲረገጥ የመጣው ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪ መመለሻ ያጣል። መንገድ እንደተዘጋበት የታክሲ ሾፌር ውስጥ ለውስጥ መሄድ ይጀምራል። በ21ዱ ዋት ክር ገብቶ በ5ቱ ዋት ክር ወደ ኋላ ይወጣል። ከዚያ በማታው መብራት ሽቦ ሽቅብ ሄዶ ዳሽቦርዱ ጋ ይደርሳል፤ እዚያ ደህና ኔጌቲቭ አለ። በፍሬቻው አምፖልም አልፎ የፊቱን ፍሬቻና ቀስቷን ያጭራቸዋል። ዳሽቦርዷ የምትበራው ለዚህ ነው። ፍላሸር ቢቀየር፣ ስዊች ቢቀየር ምን ይሁን?

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የቴስተሩን ጥቁር ገመድ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን የኋላ መብራቱ ሶኬት ብረት ላይ አደረግሁና ረዳቴን ፍሬን እንዲረግጥ አዘዝኩት። ጤነኛ ቢሆን ከ0.2 ቮልት ባላለፈ ነበር። ከ4 በላይ አነበበ። ብዙ ሰው ይህን የሚለካው ፍሬን ሳይረገጥ ነው። ኤሌክትሪክ ካልሄደበት ደግሞ የበሰበሰውም ሽቦ ጤነኛ መስሎ ይታያል።

ሽቦውን ተከትዬ ካሶኒው ሥር ገባሁ። ኔጌቲቩ የታሰረባትን ቡሎን አገኘኋት፤ ያችው ቀለም ከላይም ከሥርም ሸፍናታለች። ቀለም ቀቢው ቡሎኗን ፈትቶ፣ ላሜራውን ቀብቶ፣ በቀለሙ ላይ መልሶ አስሯታል። ለዓይን ያማረ ሥራ ነው። ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁት፣ የገመዱን ጫፍ በአዲስ ቀየርኩ፣ አጥብቄ አስሬ ግራሶ ቀባሁት። ለዋስትና ከመብራቱ ወደ ሻንሲው አንድ ተጨማሪ ገመድ ዘረጋሁ፤ አሮጌ ፒካፕ ካሶኒና ሻንሲ ሁልጊዜ በደንብ አይገናኙም። ፍሬን ሲረገጥ ኋላው ቦግ አለ። ዳሽቦርዱ ዝም።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ሰውዬው ግን "የግራው ፓውዛም ደክሟል፣ በዚያው እየው" አሉ። እኔ ሌላ መኪና ስለጠበቀኝ ለረዳቴ ተውኩለት።

ልጁ ከቴክኒክና ሙያ የወጣ፣ ቶሎ የሚይዝ ልጅ ነው። አሁን የተማረውን ይዞ ወደ ፊት ሄደ። መብራቱን አጥፍቶ የፓውዛውን ሦስት እግሮች በመሞከሪያ አምፖል ነካካ። ሁሉም ላይ ፖዘቲቭ አለ፣ ኔጌቲቭ የለም። "አገኘሁት! ይኼም ኔጌቲቭ ነው የጎደለው" ብሎ ከአጭሩ መብራት እግር ወደ ቦዲው አንድ ገመድ አሰረ። ፓውዛው እንደ ፀሐይ በራ። ሲጠራኝ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ነበር።

"አጥፋው" አልኩት። ማብሪያውን አዞረ። አልጠፋም። ቁልፉን ነቀለ። አልጠፋም። የቀኙ ፓውዛ ጭራሽ ሳይነካ ፈዘዝ ብሎ በርቷል።

ያየው ነገር ትክክል ነበር። ብዙ አሮጌ ቶዮታ ላይ ፓውዛው የሚጠፋና የሚበራው በኔጌቲቩ በኩል ነው። በዚህች መኪና ፖዘቲቩ ከፊውዙ ቀጥታ መጥቶ አምፖሉ ላይ ሌት ተቀን ይቆማል። መሪው ሥር ያለው ማብሪያ ሥራው ኔጌቲቩን መስጠትና መንሳት ነው። ስለዚህ መብራቱ ጠፍቶ ሳለ ፖዘቲቩ በክሩ አልፎ ሁሉም እግር ላይ ይታያል። የልጁ ገመድ ማብሪያውን ዘለለው ማለት ነው። ፊውዝም አይበጥስም፤ መሀል ላይ አምፖሉ አለ። አንድ 55 ዋት አምፖል ወደ 4.5 አምፔር ይጠጣል። ጠዋት ያቺ ናፍጣ ሞተር በግፊ ካልሆነ አትነሳም ነበር።

ሳልቆጣው "የደከመው አንዱ ነው ሁለቱ?" አልኩት።

"ግራው ብቻ።"

"ማብሪያውስ ለስንቱ ነው?"

ትንሽ አሰበና ገመዱን በጥሶ የግራውን ሶኬት ነቀለ። ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ቀልጧል፣ የአጭሩ መብራት መገናኛ ተቃጥሎ ላልቷል። አምፖሉን አውጥተን ስናነበው 100/90 ዋት ይላል፤ የፊተኛው ለረጅሙ፣ የኋለኛው ለአጭሩ መብራት ነው። ለዚህ ሶኬትና ገመድ የሚሆነው 60/55 ነው። ሌሊት የሚነዳ ሰው ብርሃን ቢፈልግ አልፈርድም። ግን የፋብሪካው ገመድ ይህን አይችልም። የበለጠ ካስፈለገ ሪሌ፣ ማለትም በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ፣ እና ወፈር ያለ ገመድ ለብቻው ይዘረጋል። ሰውዬው "ሶማሌ ተራ ነጭ ይበራል ብሎ ነው የሸጠልኝ" አሉ። እውነቱን ነው፣ ነጭ ይበራል።

ሶኬቱን ቀየርን፣ ሁለቱንም አምፖል ወደ 60/55 መለስን። ልጁ አሁን የመሞከሪያ አምፖሉን መቆንጠጫ ፖዘቲቭ ላይ ነክሶ ማብሪያውን እያዞረ ኔጌቲቩ ሲመጣና ሲሄድ ያያል። ቀና ብሎ "ጋሼ፣ ጡሩምባውም እንዲህ ነው እንዴ?" አለኝ።

"ጡሩምባውም፣ የጋቢናው የበር መብራትም" አልኩት። ሳይጠይቀኝ በሩን ከፍቶ የበሩን ስዊች መፍታት ጀመረ። ሰውዬው ግን ቲማቲም ይጠብቃቸዋልና አስተዉት።