የቆመች መኪና ባትሪ በድሬ ሙቀት

ሰሞኑን መኪናዋን የማወጣት አልፎ አልፎ ነው። ከሳቢያን ከዚራ ለመድረስ ባጃጅ እያለ ማን ነዳጅ ያቃጥላል? ግቢ ውስጥ ትቆማለች፤ ከኮፈኗ ሥር አንዲት ትንሽ ቻርጀር ተሰክታባት።

ጎረቤቴ ጋሼ ይቺን ቻርጀር አይወዷትም። «አቦ አንተ ልጅ፣ ይቺ የሞባይል ናት የመኪና?» ይሉኛል። የሳቸው መላ ጠዋት ጠዋት ሞተር አስነስቶ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ማጥፋት ነው። «ኧረ ጋሼ፣ በአምስት ደቂቃ ባትሪ አይሞላልዎትም» እላለሁ። አይሰሙኝም። እኔም ነገር አላበዛም።

ሂሳቡ ግን ግልጽ ነው። የቆመች መኪናም ትበላለች፤ ሰዓቱ አለ፣ አላርሙ አለ። 30 ሚሊአምፔር ብቻ ብትወስድ በወር ወደ 22 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ከ60 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሲሶው ሄደ ማለት ነው። ባትሪው በራሱ የሚያጣው ሌላ ነው፤ እሱ ደግሞ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር እጥፍ ገደማ ይሆናል። ብርድ ባትሪ ይገድላል ሲባል እሰማለሁ። ሐረር ላይ ምናልባት ጠዋት ሞተር ያስቸግር ይሆናል። እዚህ ታች ግን ገዳዩ ሙቀቱ ነው።

ባትሪውን ከቻርጀሯ ተነቅሎ አድሮ ስለካው 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ካሳየኝ ሙሉ ነው። ከ12.4 ወርዶ ከሰነበተ ሰልፌት የሚባል ጨው በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ይጋገራል። ሲቆይ ይጠነክርና ባትሪው ቻርጅ አልቀበልም ይላል። ያኔ ትንሿ ቻርጀር ምንም አታመጣም። ሥራዋ የሞላውን መጠበቅ እንጂ የሞተውን ማስነሳት አይደለም። የእኔዋ 1 አምፔር ናት፤ ባዶ ባትሪ ብሰጣት ሦስት ቀን ገደማ ትፈጃለች።

ዋናው ነገር ሲሞላ ራሷ ዝቅ ማለቷ ነው። ርካሹ ዓይነት ከሞላም በኋላ መግፋቱን አይተውም፤ ውሃውን ያደርቃል። የእኔዋ ወደ 13.5 ቮልት ትወርዳለች። ግን ይህ ቁጥር ለ25 ዲግሪ የተባለ ነው። 35 ሲሆን 0.2 ገደማ መቀነስ ነበረበት፤ እሷ ደግሞ ሙቀት አታውቅም። ስለዚህ ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀን ቀን እነቅላታለሁ፣ ማታ እሰካታለሁ።

ስድስቱን ክዳኖች ከፍቼም አያለሁ። ባለፈው ከመሃል ያለው አንዱ ጎድሎ የሳህኖቹ ጫፍ ሊታይ ምንም አልቀረውም። የባትሪ ውሃ በሲሪንጅ ጨመርኩ። የቧንቧ ውሃ በፍጹም፤ የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚተወውን ነጭ ነገር ያየ ይገባዋል። ሲጋራም አጠገቡ አይደርስም፤ ቻርጅ ላይ ያለ ባትሪ ሃይድሮጂን ያወጣል።

ልትገዙ ካሰባችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዳንዱ ቻርጀር ቁልፉን ካልተጫኑት አይቀጥልም። ሱቁ ውስጥ ባትሪ ላይ አሰክታችሁ ሶኬቱን ንቀሉና መልሱት። ራሱ ካልጀመረ፣ ዋጋው ቢረክስም ተዉት።