ለሃጭና አክታ አንድ አይደሉም

ኤኤልኤስ (ጡንቻን እያዳከመ የሚሄድ የነርቭ በሽታ) ያለበት ሰው አፉ ሲሞላበት፣ የሞላው ምን እንደሆነ አስቀድማችሁ ለዩ። ቀጭን ለሃጭ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ምራቁ በዝቶ ሳይሆን መዋጥ ደክሞ ነው። ምራቅ የሚያደርቁት አሚትሪፕቲሊን ወይም ግላይኮፒሮሌት የሚታዘዙት ለዚህ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ግን አክታንም ያወፍራሉ። እንደ ሙጫ የሚጣበቅ አክታ ላለበት ሰው ማድረቂያ መጨመር ጭንቀቱን ያባብሰዋል፤ እሱ የሚፈልገው በቂ ፈሳሽና በኔቡላይዘር (ፈሳሽን ወደሚተነፈስ ጭጋግ የሚቀይር መሣሪያ) የሚሰጥ የጨው ውሃ ነው።

የቀጠነው አክታ ደግሞ መውጣት አለበት፤ የሚያወጣው ሳል ነው። የሳል ፍጥነት በደቂቃ ከ270 ሊትር ሲወርድ ጉንፋን አደገኛ ይሆናል፤ ከ160 ሲወርድ በደህናው ቀንም አክታ አይወጣም። ቀላሉ እርዳታ አየር መደራረብ ነው፦ የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ባለው አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚገፋ ከረጢት)፣ ሳያስወጡ 3 ወይም 4 ጊዜ አየር ማስገባት፣ ጥቂት መያዝ፣ ከዚያ አስታማሚው ሆድን ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሲገፋ መሳል። የሳል ማገዣ ማሽን ከዝቅተኛ ግፊት ይጀመርና ብዙ ጊዜ እስከ 40 ሳንቲሜትር ውሃ ድረስ፣ በመግፋትም በመሳብም፣ ይደርሳል። 5 ትንፋሽ፣ እረፍት፣ እንደገና። ከምግብ በፊት ይሁን፤ ሆድ ሞልቶ ከተሠራ ያስመልሳል፣ ትውከቱም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ሳክሽን (መምጠጫ ማሽን) የአፍና የጉሮሮን ብቻ ነው የሚያነሳው።

የጠዋት ራስ ምታት፣ በጀርባ ሲተኙ መታፈን፣ ቀን ላይ ማንቀላፋት፦ እነዚህ ድያፍራም፣ ማለትም ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ የመድከሙ ምልክቶች ናቸው። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ (ኦክሲሜትር) ጥሩ ቁጥር እያሳየ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊጠራቀም ስለሚችል በቁጥሩ አትዘናጉ። እዚህ ላይ ኦክስጅን ብቻውን መስጠት ጥርቅሙን ሊያባብሰው ይችላል፤ የጎደለው አየሩን የሚያስገባና የሚያስወጣ ጉልበት ነው፣ እሱን የሚያግዘው ባይፓፕ፣ በጭንብል አየር የሚገፋ የትንፋሽ ማገዣ ማሽን፣ ነው።

ምግብ ላይ ብዙዎችን የሚያስደነግጠው፣ በመጀመሪያ ትን የሚለው ንጹሕ ውሃ መሆኑ ነው። ፈጥኖ ስለሚወርድ የደከመ ጉሮሮ አይቀድመውም፤ በማወፈሪያ ዱቄት ይዘገያል። አገጭን ወደ ደረት አስጠግቶ መዋጥ ብዙዎችን ይረዳል፤ ለማን እንደሚስማማ ግን የመዋጥ ባለሙያ ይመርምር። መክሳት ክፉ ምልክት ነውና ቅቤ፣ ዘይት፣ እንቁላል አይቀነሱ። ክብደት በ10 በመቶ ከወረደ ወይም ማዕድ አድካሚ ከሆነ ስለ ሆድ ቱቦ (በሆድ በኩል ምግብ የሚሰጥበት ቱቦ) ተነጋገሩ፤ የሳንባ አቅም ከ50 በመቶ ሳይወርድ ማስገባት ይሻላል፣ ከዚያ በኋላ ማደንዘዣው ለትንፋሽ ያሰጋል። ቱቦውን ከምግብ በፊትና በኋላ በ30 ሚሊ ሊትር ውሃ እጠቡ፣ አለዚያ ይደፈናል። በቱቦ የሚመገብ ሰውም ምራቁ ወደ ሳንባው ሊገባ ስለሚችል፣ በአፉ ባይበላም ጥርሱና ምላሱ በየቀኑ ይጽዱ።