የዝምተኛዋ ሜላኒ ሙግት

የኦሊቪያ ዴ ሃቪላንድን ፊልሞች ሰሞኑን ከቀደምቶቹ ጀምሬ በተርታ እያየሁ ነው። ስለ እሷ ጥቂት ጽፌ ለማስቀመጥ የተነሣሁት ግን በትወናዋ ብቻ ተማርኬ አይደለም። ለስላሳና ታጋሽ ሴቶችን ስትተውን የኖረችው ይህች ተዋናይት በራሷ ጉዳይ ላይ ያሳየችው እልህ ከሐሳቤ ስላልወጣ ነው።

እንደ ብዙ የአማርኛ አንባቢ ሁሉ እኔም ኦሊቪያ በፊልም የተጫወተቻትን ሜላኒን ያወቅኳት ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ በሲጋራ ወረቀት ላይ በተረጎመው የማርጋሬት ሚቸል ልብ ወለድ («ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»)፣ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ውስጥ ነው። አብዛኛው አንባቢ ልቡን የሚሰጠው ለዋናዋ ገጸ ባሕርይ ለስካርሌት ነው፤ እኔ ግን ከመጀመሪያውም የሜላኒ ወገን ነበርኩ። መጽሐፉ በ1939 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ፊልም ሲሆን የሆሊውድ ተዋናዮች የተሻሙት የስካርሌትን ሚና ነበር፤ ኦሊቪያ ግን የፈለገችው ሜላኒን ነው። ቀጣሪዋ ጃክ ዋርነር ለሌላ አዘጋጅ አላውሳትም ብሎ አሻፈረኝ ሲል፣ ሚስቱን ሻይ ጋብዛ አማለደቻት፤ ሰውየውም በሚስቱ አግባቢነት እሺ አለ። እኔ ሜላኒን በዚህች የሻይ ግብዣ ውስጥ አያታለሁ፦ ድምፅ ሳታሰማ የፈለገችውን የምታገኝ ሴት።

የልጅነት ታሪኳን ባጭሩ ልለፈው። በ1916 ቶኪዮ ውስጥ ከእንግሊዛውያን ወላጆች ተወለደች፤ ገና ሕፃን ሳለች ከእናቷና ከታናሽ እህቷ ጋር ካሊፎርኒያ ገብታ ሳራቶጋ በምትባል ትንሽ ከተማ አደገች። በ18 ዓመቷ ማክስ ራይንሃርት ባዘጋጀው የሼክስፒር ተውኔት መድረክ ላይ ወጣች፤ ወዲያው ጃክ ዋርነር የሚመራው የፊልም ስቱዲዮ፣ ዋርነር ብራዘርስ፣ አስፈረማት። ከዚያ በኋላ ከተዋናዩ ኤሮል ፍሊን ጋር ስምንት ፊልም ሠራች። በአብዛኞቹ ውስጥ ሥራዋ ጀግናው እስኪያድናት ቆንጆ ሆኖ መጠበቅ ስለነበር፣ እውነቱን ለመናገር እነዚህን ፊልሞች ከልብሱና ከሰይፍ ፍልሚያው ውጪ ብዙም አልወደድኳቸውም። እሷም አልወደደቻቸውም፤ የሙግቱም መነሻ ይኸው ነው።

በዚያን ጊዜ ስቱዲዮዎች ተዋንያንን የሚያስፈርሙት እስከ ሰባት ዓመት በሚዘልቅ ውል ነበር። ተዋናዩ የተሰጠውን ሚና አልፈልግም ካለ ያለ ደመወዝ ይታገዳል፤ የታገደበት ጊዜ ደግሞ ውሉ መጨረሻ ላይ ይጨመርበታል። ስለዚህ ይበልጥ እምቢ ባለ ቁጥር ይበልጥ ይታሰራል። ኦሊቪያ በ1936 የፈረመችው ውል በ1943 ሲያልቅ ነጻ ወጣሁ አለች፤ ስቱዲዮው ግን የታገድሽበት ስድስት ወር ገደማ ይቀርሻል አላት። ተዋናይቷ ቤቲ ዴቪስ ከዚያ በፊት በ1936 ከዚሁ ስቱዲዮ ጋር ለንደን ላይ ተሟግታ ተረትታለች፤ ስለዚህ የሚያዋጣው ዝም ብሎ ስድስቱን ወር መሥራት እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነበር።

አባቶች «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላሉ። ለኦሊቪያ ስድስቱ ወር ጭብጦዋ ነበር፤ ስለ እሱ ስትል በቅሎዋን፣ ማለትም ያፈራችውን ዝና ሁሉ፣ ለአደጋ አጋለጠች። ጠበቃዋ ማርቲን ጋንግ የተመረኮዘው ማንም ሠራተኛ ከሰባት ዓመት በላይ በግል አገልግሎት ውል ሊያዝ አይችልም በሚለው የካሊፎርኒያ ሕግ ላይ ነው። ክርክሩ የጠበበው ሰባት ዓመት ማለት በሥራ ላይ የዋለችበት ጊዜ ብቻ ነው ወይስ በቀን መቁጠሪያ ላይ ያለው ሰባት ዓመት በሚለው ጥያቄ ላይ ነበር። ጃክ ዋርነር በበኩሉ እንዳይቀጥሯት ለሌሎቹ ስቱዲዮዎች ማስጠንቀቂያ ስለላከ፣ በሃያዎቹ ማብቂያ ላይ የነበረችው ተዋናይት ሁለት ዓመት ያህል ካሜራ ፊት ሳትቆም ቆየች። በመካከሉ በጦርነቱ የቆሰሉ ወታደሮችን በየሆስፒታሉ እየዞረች ትጠይቅ ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 1944 የቀን መቁጠሪያው ሰባት ዓመት ነው ሲል ፈረደላት፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1945 መጀመሪያ ላይ ጉዳዩን አላይም ስላለ ሙግቱ በዚሁ ተዘጋ። ብይኑ እስከ ዛሬ በእሷ ስም ይጠራል፤ ሙዚቀኞችም ከአሳታሚዎቻቸው ጋር ሲጋጩ ይጠቅሱታል።

ከእህቷ ከጆአን ፎንቴን ጋር ስለነበራት ኩርፊያ ጋዜጦች የጠገቡትን ያህል ስለጻፉ እኔ አልገባበትም።

እኔን የሚያስገርመኝ ነጻ ከወጣች በኋላ ሚናዎቿን ራሷ ስትመርጥ ያደረገችው ነው። በ1946 በሠራችው ፊልም የመጀመሪያውን ኦስካር ወሰደች፤ ቀጥሎ የአእምሮ ሕመምተኛን ለመጫወት ብላ ሆስፒታሎች ውስጥ ገብታ ሕክምናውን በዓይኗ ተከታተለች። ዊሊያም ዋይለር ባዘጋጀው የ1949 ፊልም «ዘ ኤረስ» ሁለተኛውን ኦስካር አገኘች። እዚያ ውስጥ ደጋግሜ የማያት አንዲት ትዕይንት አለች። እሷ የምትጫወታት ካትሪን አብረን እንጠፋለን ያላትን ሰው ሻንጣዋን ይዛ ሌሊቱን ስትጠብቅ ታድራለች፤ እንደማይመጣ ሲገባት ሻንጣዋን አንሥታ ደረጃውን ትወጣለች። ዋይለር ደጋግሞ ሲያስወጣት ቢውልም ትዕይንቱ አልጥምህ አለው፤ በመጨረሻ ባዶው ሻንጣ መጻሕፍት ታጭቀውበት ተሰጣት። በፊልሙ ላይ ያንን ክብደት ከትከሻዋ ማንበብ ይቻላል፤ አንድ እጇ መደገፊያውን ጨብጦ ሰውነቷን ወደ ላይ ይጎትታል፤ ፊቷ ላይ እንባ የለም። ስታለቅስ ባያት ይህን ያህል አላዝንም ነበር።

በ1950ዎቹ ፓሪስ ገብታ እዚያው ኖረች፤ በ1965 የካን ፊልም ፌስቲቫልን የዳኞች ጉባኤ የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ2017፣ በ101ኛ ልደቷ ዋዜማ፣ ያለ ፈቃዴ በሐሰት አሳይቶኛል ስትል ስለ ቤቲ ዴቪስና ጆአን ክራውፎርድ ጠብ ተከታታይ ፊልም ያቀረበውን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ኤፍኤክስን ከሰሰች። በማግስቱ ዓመት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የፈጠራ ሥራ ነጻነትን አስቀድሞ ክሱን ውድቅ አደረገው። ፓሪስ ውስጥ በ2020፣ በ104 ዓመቷ ዐረፈች። በዚህኛው ክስ እኔም ከፍርድ ቤቱ ጋር ነኝ፤ በሕይወት ያለን ሰው ለመሳል የግድ ፈቃዱ ያስፈልጋል ቢባል ስለ ቅርብ ዘመን ታሪክ ፊልም የሚሠራ አይገኝም። ቢሆንም የክሱን ዜና ያነበብኩ ዕለት፣ እንደምትሸነፍ እየገመትኩ እንኳን፣ ወገንተኛነቴ ለእሷ ነበር።