ኪልት ለብሶ ሰይፍ መያዝ

ባለፈው የቅዱስ እንድርያስ ዕለት ኪልት፣ ማለትም የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱትን ባህላዊ ሽንሽን ጉርድ፣ ለብሼ ፌንሲንግ የሚባለውን የሰይፍ ስፖርት ተጋጠምኩ። ስኮትላንድ ውስጥ ወንድ ኪልት ቢለብስ ማንም ዞር ብሎ አያይም፤ ሠርግ ላይ ሞልቷል። የሰይፍ ስፖርት ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ክለባችን ኤድንብራ ነው። ኖቬምበር 30 የአገሩ ጠባቂ ቅዱስ ቀን ስለሆነ፣ ያን ማታ ኪልት ያለው ኪልቱን ለብሶ ይመጣል፤ ለጨዋታ ያህል እንጋጠማለን። እኔ እስከዛሬ ዳር ቆሜ እየሳቅኩ ነበር የማየው። ዘንድሮ "አንተም ልበስ እንጂ" አሉኝ፤ እሺ አልኩ። ቀኑ በእኛ ኅዳር ጽዮን ነው። ጠዋት እናቴ እንኳን አደረሰህ ልትለኝ ስትደውል ስለ ማታው ትንፍሽ አላልኩም።

ኪልቱን የተከራየሁበት ሱቅ ሰውዬው ከልማዱ የተነሳ የየትኛው ጎሳ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ወዲያው ራሱ ሳቀ። ከዚያ ማንም ቢለብሰው ቅር የሚለው የለም ብሎ "ብላክ ዋች" የሚባለውን፣ ጠቆር ያሉ አረንጓዴና ሰማያዊ መስመሮች የተጠላለፉበትን አወጣልኝ። ሙሉ ኪልት ሰባት ሜትር ገደማ ሱፍ ይፈጃል። ከፊት ዝርግ ነው፤ ሽንሽኑ ሁሉ ጎንና ኋላ ነው። ስታጠቀው እምብርቴ ድረስ ወጣ። ከባድ ነው፣ ቀልድ አይደለም።

አሠልጣኛችን በደህንነት ጉዳይ ድርድር አያውቅም። ከፊት የሚንጠለጠለው የቆዳ ቦርሳ፣ የኪልቱ መርፌ፣ ካልሲ ውስጥ የሚሻጠው ትንሽ ቢላ፣ ሁሉም ይውለቅ አለ። ጃኬቱና የብብት መከላከያው እንዳለ ነው። ከኪልት ሥር ምን ይለበሳል የሚለው ዝነኛ ጥያቄም እኛ ጋ መልስ አለው፦ ከጉልበት በታች የሚታሰረው የፌንሲንጉ ወፍራም ነጭ ሱሪ። የአሠልጣኙ ግትርነት ምክንያት አለው። እ.አ.አ. በ1982 ሮም ላይ በዓለም ሻምፒዮና የሶቪየቱ የኦሎምፒክ ሻምፒዮን ቭላድሚር ስሚርኖቭ የተጋጣሚው ሰይፍ ተሰብሮ ጭምብሉን በስቶት ሞተ። የመከላከያ ልብስና ጭምብል ደንብ ከዚያ በኋላ ጠበቀ። በይፋዊ ውድድር ላይ ኪልት ለብሰህ ብትመጣ ተመለስ ነው የምትባለው። ከልካዮቹ ትክክል ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳስበው ያስቀኛል። እ.አ.አ. በ1746 የስኮትላንድ ደጋማ አካባቢ ተዋጊዎች ያሉበት አመፅ ከተሸነፈበት ከኩሎደን ጦርነት በኋላ የብሪታንያ መንግሥት ኪልትን በሕግ ከለከለ። ለብሶ የተገኘ ወንድ 6 ወር እስር፣ ከደገመ 7 ዓመት ባሕር ማዶ ግዞት። ሕጉ እስከ 1782 ቆየ። ወታደሮች ግን ነፃ ነበሩ። ብላክ ዋች ራሱ የብሪታንያ ጦር ውስጥ የስኮትላንዳውያን ክፍለ ጦር ነበር፤ የተከራየሁት ኪልት መልኩ የእነሱ ነው። ያኔ ኪልት የተፈቀደው ሰይፍ ለያዘው ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ሰይፍ ስትይዝ ነው አውልቅ የምትባለው።

የፌንሲንግ ሰይፍ ሦስት ዓይነት ነው፦ ፎይል፣ ኤፔና ሳብር። የተጋጠምነው በኤፔ ነው። በፎይል የሚቆጠረው በዋናነት ደረትና ሆድ፣ ጀርባና ብሽሽት ላይ ያረፈ ስለሆነ፣ ኪልቱ ውጊያውን የሚመዘግበውን የብረት ክር ያለው ሰደርያ ታችኛ ክፍል ይሸፍነዋል፤ ጭቅጭቅ ነው። ኤፔ ላይ ግን ከራስ እስከ እግር ጣት ሁሉም ይቆጠራል፤ ኪልቱም ጭምር።

እግሬን ያስረኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አላሰረኝም። ወደፊት ስወረወር ሽንሽኑ እንደ ጃንጥላ ይከፈታል፤ ችግሩ ስትመለስ ነው። አንተ ቆመሃል፣ ሱፉ ገና አልቆመም። ወገብህን ይዞህ ይዞራል። ደግነቱ ጭንህን ይሸፍናል፤ ተጋጣሚዬ መቼ እንደምነሳ ማንበብ አቅቶት ሲወዛገብ አይቻለሁ።

ዋናው ድራማ ግን ጎኔ ላይ ሆነ። ተጋጣሚዬ በደንብ ወጋኝ፣ ተሰምቶኛል። ነጥብ መቆጠሩን የሚያሳየው መብራት ግን አልበራም። የኤፔ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ቁልፍ 750 ግራም ግፊት ትፈልጋለች፤ የሱ ጫፍ ሁለት ሽንሽን መካከል ገብቶ ሱፍ ውስጥ ቀርቷል። ሰይፉን ለማውጣት ሁለታችንም ጎንበስ ስንል ተመልካቹ አለቀ በሳቅ። ትንሽ ቆይቶ ከጃኬቴ ሥር ከኋላ የሚወጣው ገመድ የኪልቱ ዘለበት ውስጥ ተሰነቀረና ጨዋታው እንደገና ቆመ። ሰባት ሜትር ሱፍና የኤሌክትሪክ ገመድ አይዋደዱም።

ተሸነፍኩ። በኪልቱ አላሳብብም፤ ሰውዬው ሁልጊዜም ያሸንፈኛል።

የሌላ ሰው ባህል ለብሼ ምን ይሉኝ ይሆን የሚል ስጋት ነበረብኝ። አንድ ሽማግሌ መጥተው ያሉኝ ቢኖር የዘለበቱ ቀበቶ ላልቷል ነው። ራሳቸው አጠበቁልኝ። ለነገሩ ድሬዳዋ ያደገ ሰው ከምሳ በኋላ ሽርጥ ታጥቆ ደጅ የሚቀመጥ ወንድ ሲያይ ነው የኖረው፤ አባቴም አንዱ ነበር። እህቴ ፎቶውን ለእናቴ አሳየቻት። "ምነው፣ የአባትህን ሽርጥ ልላክልህ? እሱ ይቀላል" አለችኝ።

ለከርሞ በሳብር ልሞክር ነው። እዚያ የሚቆጠረው ከወገብ በላይ ብቻ ስለሆነ ሽንሽኑ ከጨዋታ ውጪ ነው። አሠልጣኙ ፈቅዷል፤ ሳብር የሚወድ ሌላ ኪልት ለባሽ ግን ራስህ ፈልግ ብሎኛል። እስካሁን ፈቃደኛ አላገኘሁም።