የንጉሡ ቤት በጎርጎራ፦ የአንድ ሠዓሊ የጉዞ ማስታወሻ

ከባሕር ዳር በመርከብ ወደ ጎርጎራ የሚጓዝ ሰው ዘጌንና የደቅ ደሴትን አልፎ ቁንዝላ ያድርና በማግሥቱ የጣናን ሰሜናዊ ዳርቻ ይረግጣል። በመኪና ፈጥኖ መድረስ ይቻላል፤ ለሥዕል ለሚሄድ ሰው ግን እኔ መርከቡን እመርጥለታለሁ። አፄ ሱስንዮስ ያን ስፍራ ለምን እንደ መረጡት የሚገባው ከውኃው ላይ ሆኖ ሲያዩት ነው፤ ምድሩ ወደ ሐይቁ ገባ ብሎ የተዘረጋ ስለሆነ የሚመጣ ታንኳ ሁሉ ከሩቅ ይታያል።

ቦታውን መጀመሪያ ያየሁት አዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ተማሪ ሳለሁ ነው። ከ1607 እስከ 1632 እ.ኤ.አ. የነገሡት ሱስንዮስ ስፔናዊውን ኢየሱሳዊ፣ ማለት ከካቶሊክ የሚስዮን ማኅበር የሆነውን፣ ፔድሮ ፓኤዝን በድንጋይ ባለ ፎቅ ቤት አሠርተውታል፤ እርሱም በ1622 እዚያው ጎርጎራ ሞተ። እኔ ስደርስ ቤተ መንግሥቱን ቁጥቋጦ ውጦት ነበር። አጠገቡ ያለው፣ ሰዉ ማርያም ግምብ የሚለው የኢየሱሳውያን ቤተ ክርስቲያን ግን ከጣሪያው ከፊሉ አልወደቀም ነበርና፣ ከሥሩ ተቀምጬ በየአራት ማዕዘኑ የተፈለፈሉትን አበቦች በከሰል እስል ነበር። ጠራቢው ክቡን በመለኪያ ካወጣ በኋላ ቅጠሉን ለእጁ የተወለት ይመስለኛል፤ መስመሩ ቀጥ ያለ ሆኖ ሳለ ሕይወት አለው፤ ያን ለመያዝ ብዙ ወረቀት ፈጀሁ።

ከብት የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና አጠገቤ ተቀመጡ።

«አባቴ፣ ይህን የመሰለ ሥራ ምን አፈረሰው?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ሰው የለቀቀው ቤት መቼ ይቆማል? ንጉሡ ሃይማኖት ለውጠው አገሩ ተጫረሰ፤ ፋሲል ሲነግሡ ደግሞ ጎንደርን ቆረቆሩ። ከዚያ ወዲያ ዝናቡን ማን ይከልክለው?»

የእኚህን ሰው መልስ ኋላ ካነበብሁት ሁሉ አስበልጬ እይዘዋለሁ። የሾላ ሥር በግንቡ መገጣጠሚያ ገብቶ ኖራውን ሲገፋ፣ ክረምቱም የተላቀቀውን ሲያጥብ በዓይኔ አይቻለሁ። በ1995 እ.ኤ.አ. ከሕንፃው ጥቂት የማይባል ክፍል ተናደ። ዳግም ስሄድ ከሳልኋቸው አበቦች አንዳንዶቹ መሬት ላይ ነበሩ፤ እጄን በጎድጓዳቸው ባሳልፍ መሮው የሄደበት አቅጣጫ ገና ይታወቃል።

በዚያው ጉዞ ከተማው ዳር ወዳለችው ደብረ ሲና ማርያም ገባሁ። ግድግዳዋን በሥዕል ያስጌጠችው የዚያው የሱስንዮስ ልጅ መለኮታዊት ናት፤ ሠዓሊውም ፊቱን ያለ ጥላ፣ ዓይኑን ግን ሰፋ አድርጎ፣ በቀይና በቢጫ ሞልቶታል። ክዳኗ ሣር ነው። ሣር ይበሰብሳል፤ ግን የሚያስቀድስባት ሕዝብ ስላላት ባረጀ ቁጥር ይከደናል፤ ስለዚህም የልጅቱ ቀለም ከአባቷ ድንጋይ ይልቅ ደኅና ሆኖ ቆየ።

አሁን ተማሪዎች ሳስተምር የምወተውተው አንድ ነገር አለ። በማርያም ግምብ የቀሩት አበቦች ከቆሙትም ከወደቁትም ሳይለይ፣ እያንዳንዳቸው በልካቸው ይሳሉ፤ የወደቁት ድንጋዮችም ለአጥርና ለምድጃ ከመወሰዳቸው በፊት የት ቦታ እንደተገኙ ይጻፍ። የእኔ የከሰል ሥዕሎች የጣሪያውን አንድ ጥግ ብቻ ነው የያዙት፤ የቀረውን ለመሳል ክረምት ሳይገባ፣ ሣሩም ሳያድግ ጥር ላይ መሄድ ይሻላል።