የባሕር ዳር የእግርና የሳይክል ካርታ፦ መሻገሪያ ላይ የደረሰው ሥራ

ከበዛዊት ኮረብታ በቀር ባሕር ዳር ውስጥ ይህ ነው የሚባል ዳገት ስለሌለ፣ ለሳይክል ነጂ ሁሉም መንገድ እኩል ይመስላል። የካርታው የመጀመሪያ ረቂቅም የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መንገዶቹ አረንጓዴ (ደህና)፣ ቢጫ (ጥንቃቄ የሚሻ) እና ቀይ (አደገኛ) የተቀቡት በጥቅሉ ነበር። ጸጥ ያለ የኮብልስቶን መንገድ አረንጓዴ ሆኖ፣ ጫፉ ላይ መሻገር ያለበት አስፋልት ሳይታይ ቀረ። በአሁኑ ረቂቅ መስመሩ ቀለሙን የሚያገኘው ከክፉው ቦታ ነው። አንድ ቀይ መሻገሪያ ካለበት ሙሉው ቀይ ነው።

መሻገሪያ ሲለካ መጀመሪያ የአስፋልቱ ስፋት ይወሰዳል። ጎልማሳ በሰከንድ 1.2 ሜትር ገደማ ይራመዳል፤ ለሽማግሌ 0.8 ያዙ። 12 ሜትር አስፋልት ጎልማሳውን 10፣ ሽማግሌውን 15 ሰከንድ ይፈጅበታል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና በሰከንድ 14 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ሽማግሌው እግሩን ሲያነሳ መንገዱ እስከ 210 ሜትር ድረስ ጥርት ብሎ መታየት አለበት። መሃል ላይ መቆሚያ ደሴት ካለ ግማሹ ይበቃል። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤት ሲኬድ ከዜብራ ቀለም በፊት ደሴት ይጠየቅ፤ ቀለም በአንድ ክረምት ይለቃል። ደሴቱ ከ2 ሜትር አይነስ፤ የሳይክል ርዝመት 1.8 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከዚያ ከጠበበ የኋላ ጎማው አስፋልት ላይ ይቀራል።

እይታውን በርከክ ብላችሁ ለኩ፤ የተማሪ ሕፃን ዓይን ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ቢል ነው። ከዘንባባ ግንድ ኋላ የቆመ ልጅ ለሾፌሩ አይታየውም፣ እሱም መኪናውን አያየውም። ዛፉን ቁረጡ የሚል ሰው አይጠፋም፤ መሻገሪያውን ከግንዱ ጥቂት ሜትር ማራቅ ይቀላል። ከመሻገሪያው በፊት ጉብታ ቢሠራስ? ሾፌሩ ለመንቃት 1 ሰከንድ ቢወስድበት፣ በደረቅ አስፋልት ከ50 ፍጥነት ለመቆም 28 ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ ጉብታው ፍጥነቱን ወደ 30 ካወረደው ግን 13 ሜትር ይበቃዋል።

ለሳይክል 1.5 ሜትር ስፋት ዝቅተኛው ነው። ከቆመ መኪና አንድ ሜትር ራቅ ብሎ መንዳት ግድ ነው፣ በር ድንገት ይከፈታልና። ባጃጅ ተሳፋሪ የሚያነሳበትን ቦታ ሁሉ በቢጫ ምልክት አድርጉ፤ ሳይክሉን ቀድሞ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው እዚያ ነው።

ቶሎ የማይታየው ክፉ ነገር የፍሳሽ ክዳን ነው። ብረቱ በመንገዱ አቅጣጫ የተዘረጋ ከሆነ ክፍተቱን በጣት ለኩት። ሁለት ጣት ጎን ለጎን ከገባ የሬስ ሳይክል ጎማም ይገባል፤ ነጂው በመሪው ላይ ይወረወራል። መፍትሔው ክዳኑን አዙሮ ማስቀመጥ፣ ካልዞረ አግዳሚ ብረት መበየድ ነው። የጠፋ ክዳን በግንቦት ይመዝገብ፤ ሐምሌና ነሐሴ ጎርፍ ሲሞላው ጉድጓዱና መንገዱ አይለዩም።

በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትሩ የዓባይ ድልድይ የእግረኛና የሳይክል መስመር አለው። እዚያ የሚፈተሸው ጫፉ ነው፦ ሳይክሉ ከድልድዩ ሲወጣ የት ይገባል? ከመኪናው ጋር የሚቀላቀልበት ቦታ እንደ መሻገሪያ ይለካል።

ቅዳሜ ገበያ ዙሪያ ያለው መስመር ለብቻው ካርታ ይፈልጋል። የእግረኛው መንገድ በጉሊት ሲያዝ ሰው አስፋልት ላይ ይወርዳል። ባለጉሊቶቹን ማባረር ለአንድ ሳምንት ነው፤ ለቅዳሜ ተለዋጭ መስመር ማውጣት ይሻላል።

የቀረው የማታው ነው፦ መብራት በጠፋበት ምሽት ከ1:00 በኋላ እነዚሁን መሻገሪያዎች እንደገና መለካት።