የዓመት ዕቅድ በሮሽ ሃሻና አይጀመርም

ኤዲኤችዲ (ትኩረትን የመሰብሰብ ችግር) ላለበት ሰው አንድ ምክር አለኝ፤ የዓመቱን ዕቅድ በሮሽ ሃሻና፣ በአይሁድ አዲስ ዓመት፣ አትጀምሩ። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ስንት ንዴት በቀረልኝ!

እዚህ እስራኤል ቲሽሪ የሚባለው ወር 1ኛ ቀን አዲስ ዓመት ነው። በ10 የጾሙ ቀን ዮም ኪፑር፣ በ15 የዳስ በዓል ሱኮት፣ በ22 ደግሞ ሲምሐት ቶራ የሚባለው በዓል ይመጣል። ቢሮው አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል። ሐሳቡ ቶሎ የሚበተን ሰው በዚህ ወር አዲስ ልማድ አይዝም።

ደብተር ገዛሁ፣ ግቦቼን ጻፍኩ፣ ከቤተሰብ ሐኪሜ ሪፈራል ተቀበልኩ። የመጀመሪያው ግቤ የኤዲኤችዲ ምርመራውን መጨረስ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ክሊኒኩ ላይ ነው። ጸሐፊዋ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «ከበዓላት በኋላ» አለችኝ። እሺ፣ ይህንን አገሩ ሁሉ ይለዋል። ከበዓላት በኋላ ስመለስ ደግሞ «የአንደኛ ደረጃ ካርድሽን አምጪ» አለች። የተማርኩት ጎንደር ነው፤ ካርዱ ከአገር ስንወጣ እዚያው ቀርቷል። «እናቴ ልጅነቴን ታውቃለች፣ እሷ ትጠየቅ» አልኳት። «እኔ የምፈልገው ወረቀት ነው» ብላ ፎርሙን በመስኮቱ ሥር መልሳ ገፋችልኝ። ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መታየት አለባቸው፤ እሱ ልክ ነው። ግን ከካርድ ሌላ ማስረጃ የለም ያለው ማነው? ከእናት የበለጠ ምስክር ከየት ይምጣ? እስካሁን ሳስበው ያበሽቀኛል።

በመጨረሻ እናቴን ይዤ ሐኪሙ ዘንድ ገባሁ። እማዬ «ውሃ ቅጂ ብዬ ስልካት፣ እንስራዋን ምንጭ ዳር ጥላ ከጥጃ ጋር ስትሯሯጥ አገኛታለሁ» አለች። ተረጎምኩለት። ሐኪሙም ጻፈ። ስለዚህ መስኮት ላይ አትከራከሩ፤ ሐኪሙን ራሱን ጠይቁ።

ዕቅዱን ያቃናልኝ የጎረቤታችን የሞሮኮው ሽማግሌ ቀልድ ነው። ሰውዬው በየቀኑ ምኩራብ ገብቶ «ጌታዬ፣ ሎተሪ ይድረሰኝ» እያለ ያለቅሳል። አንድ ቀን ከሰማይ ድምፅ መጣ፦ «ልጄ፣ እስቲ አንተም መጀመሪያ ሎተሪውን ቁረጥ!» እማዬ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔ ከዚያ ወዲህ ደብተሬ ላይ የምጽፈው ሎተሪ መቁረጡን ብቻ ነው። «ነርስ እሆናለሁ» አልልም። «እሁድ ጠዋት ኮሌጁ ጋ መደወል» እላለሁ።

አማካሪዎች ዓመቱን በሦስት በሦስት ወር ክፈሉት ይላሉ። አልስማማም። የሦስት ወር ማለቂያ መድረሱን ማን ያስታውሰኛል? ስግድ፣ የእኛ የቤተ እስራኤል በዓል፣ ግን ከዮም ኪፑር ተቆጥሮ በ50ኛው ቀን ነው፤ እማዬ ነጭ ቀሚሷን ማጠብ ስትጀምር ቀኑ እንደደረሰ አውቃለሁ። ከስግድ እስከ ሐኑካ፣ ከሐኑካ እስከ ፑሪም፣ ከዚያ እስከ ፔሳሕ። በአንድ በዓል አንድ ግብ። አርብ የሻባት ሻማ ከመብራቱ በፊት ደብተሬን አያለሁ፣ ከዚያ እዘጋዋለሁ።

በዓሉ ደርሶ ያልተሠራውን ግብ ወደሚቀጥለው አላሻግርም፤ እሰርዘዋለሁ። አማካሪዎቹ ይህን አይወዱትም። የከረመ ዝርዝር ግን እኔን ገና ሳልጀምር ያደክመኛል።